አስሮ ማጣራት

በ2014 ኅዳር ላይ ነው። የግቢያችን እትዬ፣ ስማቸው ይቅር፣ በጠዋት ተነስተው ሽሮ ሠሩ። ምሳ ዕቃውን በአንድ እጅ፣ ብርድ ልብስ ያለበትን ፌስታል በሌላው ይዘው ወጡ። ልጃቸውን ከሁለት ቀን በፊት ማታ መታወቂያውን አይተው «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወስደውታል። ጃኬቱን እንኳን አልደረበም። ትንሽ ጥያቄ ነዋ።

አንደኛው ጣቢያ «እኛ ጋ የለም» አላቸው። ሁለተኛው «ስሙ መዝገብ ላይ የለም፣ እስቲ ነገ ይምጡ» አላቸው። ሦስተኛው ጣቢያ በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ግን የለም ሳይል፣ አለም ሳይል፣ ምሳ ዕቃውን ተቀብሏቸው ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶውን መለሰላቸው። ክዳኑ ላይ ያለችው ላስቲክ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንደሚያደርጋት ሁለቴ ተጠምዝዛ ነው የታሰረችው። እትዬ እዚያው አስፋልት ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። ደስ ብሏቸው።

ልጁ ምን አድርጎ እንደተያዘ አላውቅም። ምንም ላያደርግ ይችላል፣ አድርጎም ሊሆን ይችላል። እሳቸውም አያውቁም፣ ምክንያቱም የነገራቸው የለም። እኔን የሚያብከነክነኝ እሱ ነው። አገር ሲታወክ መንግሥት ሰውን ምክንያቱን ሳይናገር ይዞ የማቆየት ሥልጣን አለው ወይ? ካለውስ ድንበሩ የት ላይ ነው?

መጀመሪያ በደህናው ጊዜ ያለውን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ እንደማይያዝ፣ ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበት እንደማይታሰር ይናገራል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዝዛል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት መንገድ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህች 48 ሰዓት የዛሬ ፈጠራ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ውስጥም ነበረች። ሥርዓት ሲለዋወጥ እሷ ግን ወረቀት ላይ አለች።

በተግባር የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መርማሪው ዳኛ ፊት ይቆምና «ምስክር ሰምቼ አልጨረስኩም፣ ሰነድ አላሰባሰብኩም» ይላል። 14 ቀን ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። ከ14 ቀን በኋላ ያንኑ ነገር ይደግማል። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ነገር ብዙ ቤት አስለቅሷል። በ2010 በለውጡ ሰሞን ከመንግሥት በኩል ደጋግመን የሰማነው ቃል ይህንን የሚመለከት ነበር፤ ከእንግዲህ አጣርተን እናስራለን እንጂ አስረን አናጣራም ተብሎ ነበር። ሕዝቡም ወዶት ነበር፣ ምክንያቱም ሕመሙን በትክክል የነካ ቃል ነው።

ግን ጊዜ ቀጠሮም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው። ቢያንስ ቀን አለው። ቢያንስ መዝገብ ቁጥር አለው። እናት ችሎት ገብታ ልጇ ከስቶ እንደሆነ፣ እያነከሰ እንደሆነ ከኋላ ወንበር ታያለች። ተጠርጣሪው እጁን አውጥቶ «ክቡር ዳኛ፣ ተመትቻለሁ» ማለት ይችላል። ዳኛው ይሰማዋል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። ግን የሚናገርበት ቦታ አለ።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሚነሳው ይህ ቦታ ነው።

አንቀጽ 93 አራት ምክንያት ይዘረዝራል። የውጭ ወረራ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ፣ እና ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን የሚያሰጋ፣ በተለመደው ሕግ አስከባሪ ሊቀለበስ የማይችል ሁከት። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላጸደቀው ይሻራል። ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል።

በጣም የሚገርመኝ ግን የማይነካው ዝርዝር ነው። አዋጅ ታወጀም አልታወጀም ሊገደቡ የማይችሉ ተብለው የተጠቀሱት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ብቻ ናቸው። አንቀጽ 1 የአገሪቱ መንግሥት ስያሜ ነው፤ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መባሉ ማለት ነው። 18 ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። 25 እኩልነት ነው። 39 የራስን ዕድል በራስ መወሰን ነው። አሁን ያልተጻፈውን ፈልጉ። የሕይወት መብት የለም። ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት የለም። የመንግሥቱ ስም በምንም ሁኔታ አይነካም፣ የዜጋው 48 ሰዓት ግን ይነካል። ይህን ያረቀቀው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር አንድ ቀን ቡና ጋብዤ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

(የሕግ ሰዎች እዚህ ላይ ይከራከራሉ። አንቀጹ እንዲታገዱ የሚፈቅደው «የፖለቲካና የዲሞክራሲ መብቶች» የሚላቸውን ነው። የተያዙ ሰዎች መብት ደግሞ የተቀመጠው ሰብዓዊ መብቶች በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አይነካም የሚል ሙግት አለ። ጥሩ ሙግት ነው። ጣቢያ በር ላይ ግን አይሠራም።)

ያን ክፍተት ተከትለው፣ ጸጥታን ምክንያት አድርገው ከወጡት አዋጆች አራቱ እዚህ ነጥብ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የመስከረም 2009ኙ፣ አቶ ኃይለ ማርያም ሥልጣን በለቀቁ ማግስት የካቲት 9 ቀን 2010 የታወጀው፣ ጦርነቱ ወደ መሃል ሲጠጋ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የወጣው፣ በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው። ሁሉም በተለያየ አነጋገር ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝንና ማቆየትን ፈቅደዋል። የ2014ቱ ከአሸባሪ ድርጅቶች ጋር ይተባበራል ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረን ሰው አዋጁ እስኪያበቃ ድረስ ይዞ ማቆየት ይቻላል ይላል።

«በቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል አየህ? ሲያነቡት መጠበቂያ ይመስላል። ግን በቂ መሆኑን የሚመዝነው ማነው? በደህናው ጊዜ ዳኛው ነው። በአዋጁ ጊዜ የሚጠረጥረውም፣ የሚይዘውም፣ በቂ ነው የሚለውም አንድ ሰው ነው። ማንም የማይጠይቅህን ምክንያት መያዝ ምን ይከብዳል? ኪስህ ውስጥ ባይኖርም አለኝ ማለት ትችላለህ።

የሆነውም ይኸው ነው። በ2014 አዲስ አበባ ውስጥ አከራዮች ስለ ተከራዮቻቸው መረጃ እንዲሰጡ ታዘዙ፤ ቤት ተፈተሸ፤ ሰው በስሙና በአነጋገሩ መታየት ጀመረ። በዶክተር ዳንኤል በቀለ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በይፋ ተናግሯል። እዚህ ላይ ወደዚያ የማይነካ ዝርዝር ተመለሱ። አንቀጽ 25፣ እኩልነት። ሰውን በብሔሩ ለይቶ ማፈስ በአዋጅም ጊዜ አይፈቀድም። ታንክ ደብረ ብርሃን ቢደርስም አይፈቀድም። ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ አንዳች ብዥታ የለውም። ችግሩ ይህን ሕግ ይዘህ የምትሄድበት ችሎት በዚያው አዋጅ መዘጋቱ ነው።

በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ ታሰሩ፤ ሰመራ ላይ ደግሞ ከ70 በላይ ለዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚሠሩ ሾፌሮች ተያዙ። ዓለም ወዲያው አወቀ። ለምን? ድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል አለው። ጠዋት ሥራ ያልገባውን ቆጥሮ፣ ስሙን ይዞ፣ ቃል አቀባዩ ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጠኛ ፊት ቆሞ ይናገራል። የሊስትሮውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ የተማሪውን ማን ይቆጥረዋል? እናቱ። እሷ ደግሞ ቃል አቀባይ የላትም፣ ምሳ ዕቃ ነው ያላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ ላይ እስካሁን ያማሁት በቂ ነው፤ አንድ ያማረ ነገርም አለው። የአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 5 እና 6። ፓርላማው አዋጁን ሲያጸድቅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፤ ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች ነው የሚመረጡት። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ ተብሎ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ስማቸውን ይፋ ማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት መግለጽ።

ስምና ምክንያት። በቃ። ዳኛው ሲነሳ እሱን የምትተካው ወረቀት ይህች ናት። አርቃቂዎቹ የፍርድ ቤቱን በር ሲዘጉ ቢያንስ አንዲት መስኮት ትተዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አዋጅ ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ስንት ሰው ታሰረ የሚለውን አይደለም። ዝርዝሩ ወጣ ወይ ነው።

በዜና የደረሰን ግን ምንጊዜም ቁጥር ነው። በ2009 ቦርዱ መጀመሪያ 11,607 ሰው መታሰሩን፣ ከእነዚህ 347ቱ ሴቶች መሆናቸውን ተናገረ። በኋላ ጠቅላላው ከ26 ሺህ አለፈ። ለሐቁ ያህል ያንን ቁጥር መናገራቸውም ቀላል አይደለም፤ የኋለኞቹ አዋጆች ላይ ያን ያህልም በግልጽ አልሰማንም። ግን 11,607 ለእትዬ ምን ያደርግላቸዋል? ልጃቸው 11,607ኛው ይሁን ከቁጥሩ ውጭ የሆነ ሌላ ሰው፣ በምን ያውቃሉ?

የ2009ኙን ትንሽ እናብላላው፣ ምክንያቱም የሥልጣኑን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። በታኅሣሥ ወር ወደ 9,800 የሚጠጋ ሰው ተለቀቀ፣ 2,449 ደግሞ ክስ ይቀርብበታል ተባለ። ደምሩና አካፍሉት። ከአምስት ሰው አራቱ ያለ ክስ ነው የወጣው። መንግሥት ራሱ፣ በራሱ ሚዛን፣ በራሱ መርማሪ፣ ከአምስቱ አራቱን የሚከስበት ነገር አላገኘም ወይም አልፈለገም። አልያዝኳቸውም ነበር አላለም ግን። ጦላይንና አዋሽ ሰባትን በመሳሰሉ ካምፖች አቆይቶ፣ ተሃድሶ የተባለ ሥልጠና ሰጥቶ፣ «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት አልብሶ በቴሌቪዥን እያሳየ ነው የለቀቃቸው።

ምንድነው የማይደገመው? ያልተከሰሰ ሰው ምን አደረግሁ ብሎ ነው ከእንግዲህ አላደርግም የሚለው? እኔ ያንን ቲሸርት ሳየው የታየኝ የእምነት ቃል ነው፣ ደረት ላይ የታተመ፣ ያለ ችሎት፣ ያለ ጠበቃ። መንግሥት ምክንያቱን ሳይናገር ያሰረውን ሰው ሲፈታው ምክንያቱን ራሱ ታሳሪውን ያስለብሰዋል። አዲዳስ እንኳን እንዲህ አያስተዋውቅም።

እሺ፣ የመንግሥትን ወገን ደግሞ በቅንነት ላንሳው። ሁከት ቀልድ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ፣ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ የታጠቀ ኃይል ከተማ ሲይዝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲለቀቁ የነበረውን ድንጋጤ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ሰዓት ለእያንዳንዱ ሰው የፍርድ ቤት ማዘዣ አውጣ ማለት አይቻል ይሆናል። ዳኛው የሚሠራበት ከተማ ራሱ ጦርነት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። አዋጅ የሚባል ነገር ጭራሽ አይኑር የሚል ሰውም አይደለሁም።

ግን መያዝና መደበቅ ሁለት ነገር ናቸው። ቸኩለህ ያዝክ፣ ይሁን። ስሙን መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የት እንዳለ ለእናቱ መንገር የትኛውን ግንባር ይሰብራል? ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን መንግሥታት በአደጋ ጊዜ አንዳንድ መብቶችን እንዲገድቡ ይፈቅዳል። ቃል ኪዳኑን የሚተረጉመው የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አስተያየት የታሰረ ሰው የእስሩን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት እንዲያይለት የመጠየቅ መብቱ በአደጋ ጊዜም አይነሳም ብሏል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ደግሞ ጭራሹኑ በአደጋ ጊዜ መብት አግዱ የሚል አንቀጽ የለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ኅብረት የሚያስፈጽመው ቻርተር ነው።

ይሠራል ወይ የሚለውም አለ። አየርላንድን ልጥቀስ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1971 ሰሜን አየርላንድ ላይ ያለ ክስ ማሰር ጀመረች፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 342 ሰው ታፈሰ። የያዙት ዝርዝር ያረጀ ነበር፤ የሚፈለጉት አምልጠው የማይፈለጉት ተያዙ። ከዚያ በኋላ ግድያው ከፊቱ እጅግ ባሰ፣ ብሪታንያን የሚወጋው ታጣቂ ቡድንም ምልምል አልቸገረውም። አራት ዓመት ሠርተውበት በ1975 መጨረሻ ተዉት። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ያለ ጥፋቱ ሦስት ወር ተኝቶ የወጣ የሃያ ዓመት ልጅ ሰፈር ሲመለስ ምን እንደሚያወራ አስቡት። ወንድሙም አብሮ ይሰማል።

ሌላው የሚያስፈራኝ ነገር ሥልጣኑ አዋጁ ሲያልቅ አብሮ አለማለቁ ነው። እጅ ይለምዳል። በ2012 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ የታሰሩትን አቶ ልደቱ አያሌውን ፍርድ ቤት በ100 ሺህ ብር ዋስ ፈቀደላቸው፤ ብሩ ተከፈለ፤ ፖሊስ ግን አልለቅም አለ። ከዳኛው በላይ ጣቢያው ሆነ ማለት ነው። የ2015ቱ አዋጅ ደግሞ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጊዜው አለቀ። እንደገና አልታወጀም። በመስከረም 2017 አጋማሽ ግን አማራ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሰፊ አፈሳ ተደረገ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሰዎቹ በዳንግላ፣ በሰራባ፣ በኮምቦልቻና በሸዋ ሮቢት በጊዜያዊ ማቆያ መያዛቸውን፣ ከእነሱም ውስጥ የፍትሕ አካላት ባልደረቦችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዳሉ ዘግቧል። አዋጅ የለም። ስለዚህ መርማሪ ቦርድም የለም። ስም ይፋ ያድርጉ ብለህ የምትጠይቀው ሰው እንኳን የለም። እንዲህ ሲሆን ሰው አዋጁን ይናፍቃል እንዴ ያሰኛል።

ያለመከሰስ መብት ያለውስ ተርፏል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015ቱ አዋጅ ሰሞን ተይዘው አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ከቆዩት መካከል ነበሩ፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። አዋጁን የሚያጸድቀው፣ ቦርዱን የሚመርጠው ምክር ቤት የራሱን አባል እንኳን በጊዜው የት ነህ አላለውም። ከዚያ ወዲያ የቀን ሠራተኛውን ይጠይቅልኛል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ቤተሰቡ ለታፈሰበት ሰው የሚቀር አንድ መንገድ አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ። ማንም ዘመድ ሊያቀርበው ይችላል። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል ጠርቶ ሰውየውን አቅርብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ ይለዋል። ችግሩ አቤቱታው ላይ ማን እንደያዘው መጻፍ አለብህ። ሦስት ጣቢያ «እኛ ጋ የለም» ካሉህ ማንን ተጠሪ ታደርጋለህ? ያቺ ስምና ምክንያት ያለባት ወረቀት ለምን ዋና እንደሆነች እዚህ ላይ ይታያል። ያለ እሷ የቀረውም በር በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ የሄዳችሁበትን ጣቢያ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያናገራችሁትን ሰው መልክና ያለውን ቃል ደብተር ላይ ጻፉ። ጠበቃ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የእትዬ ልጅ በ43ኛው ቀን ማታ በእግሩ መጣ። አልተከሰሰም፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ለምን እንደያዙት ሲጠይቅ «ተጣርቷል፣ ሂድ» ነው ያሉት። በማግስቱ ሥራ ሄደ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የት እንደነበርክ የሚያስረዳ ወረቀት አምጣና እናስተካክላለን አለው። ልጁ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ተረኛው መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ገልብጦ አየለትና «ምን ብለን እንጻፍልህ? እኛ ጋ አልነበርክም እኮ» አለው። መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ፋይል ላይ 43ቱ ቀን «ያለ ፈቃድ የቀረ» ተብሎ ተመዘገበ።